አስታራቂው ያልጠየቁት

መድኃኒት ቤት ከፍቶ የሚውል ሰው የሰፈሩን ጓዳ ሳይገባበት ያውቀዋል። ማን እንቅልፍ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ሲያስለው እንዳደረ፣ ማን ሐኪም ያዘዘለትን ትቶ ጎረቤት ያዘዘለትን እንደሚውጥ የምሰማው ከባንኮኒዬ ኋላ ቆሜ ነው። ምክር የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ የነገርኩትን የሚያደርግ ግን ጥቂት ስለሆነ፣ ከመምከር ይልቅ ሰው ሲከራከር ማዳመጥ ይጥመኛል። ካዳመጥኳቸው ክርክሮች ሁሉ የሰውን ሐሳብ ሲለውጥ በዓይኔ ያየሁት ግን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደና መንገደኛውን ሁሉ በየበረንዳው ሥር አስጠለለው። ጋሽ ሙጫም ኮታቸውን እያራገፉ ወደ እኔ ገቡ።

ጋሽ ሙጫ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ግን ለእንጨት ሥራቸው ሳይሆን የተጣሉ ባልና ሚስትን መልሰው በማጣበቃቸው ነው፤ ሲጠሩበትም ቅር አይላቸውም። በሰፈራችን ትዳር የተናወጠበት ሁሉ መጨረሻው የእሳቸው ሳሎን ነው። ባልና ሚስቱን ረጅሙ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱንም ያዳምጣሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያስቃሉ፣ በመጨረሻም "ታርቃችኋል?" ብለው አዎ ያሰኛሉ። በአንድ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይኮሩ ነበር፤ ያስታረቋቸው ሰዎች ሁለተኛ ተመልሰው አልመጡባቸውም። ይህን ለእኔ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አላስታውስም፤ በነገሩኝ ቁጥር ግን አዲስ እንደሰማሁ ሆኜ እገረም ነበር።

የዚያን ቀን ፊታቸው ጨፍግጓል። ምን ሆኑ ብላቸው ቁጭ ብለው አጫወቱኝ። ያሳደጓት ልብስ ሰፊ ልጅ ከባሏ ቤት ልጇን ይዛ ወጥታለች። አባቷ የሥራ ባልደረባቸው ነበር፤ ሲሞት ከገዛ ልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጓት፣ ለጭነት መኪና ሹፌር የዳሯትም እሳቸው ናቸው። ባለፈው ጊዜ ተጣልተው አስታርቀዋቸው ነበር። አሁን ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ እሳቸው ሳሎን ተቀምጦ እያለቀሰ ነው፤ ዳግመኛ እጄን አላነሳባትም ብሎ ምሏል። እሳቸውም ዛሬውኑ አመጣልሃለሁ ብለው ቃል ሰጥተው ወጥተዋል።

ይህን እየነገሩኝ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ጃንጥላዋን በር ላይ አጥፋ ገባችና የልጆች የትኩሳት ሽሮፕና የቁስል ማሸጊያ ጠየቀችኝ። ደንበኛዬ ናት። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ባለችው ትንሽ ቢሮ በቤታቸው ጥቃት የሚደርስባቸውን ሰዎች ታማክራለች። ፍርድ ቤት አብራቸው ትሄዳለች፣ የሚያርፉበት ቤት ትፈልጋለች፣ ልጆቻቸውን ሌላ ትምህርት ቤት ታስገባለች። ጋሽ ሙጫ አተኩረው አዩዋት።

"ልጄ፣ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ የምትሠሪው አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

"እግዜር ነው ያገናኘን። እንግዲህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ" አሉና ልብስ ሰፊዋ እነሱ ዘንድ መሆኗን እንደሰሙ፣ ያለችበትን ብትነግራቸው ሄደው እንደሚያመጧት አስረዷት። አነጋገራቸው ትሕትና የተሞላ ነበር፤ እምቢ እባላለሁ ብለው አላሰቡም።

አማካሪዋ ሽሮፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ማን እንደመጣ ለማንም አንናገርም። ያልመጣችውንም ሴት አልመጣችም አንልም።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

"እንደ ማንኛውም ሰው አይደሉም። ግን ለእርስዎ ብዬ በር ብከፍት ከኋላዎ ተከትሎ የሚገባውን መመለስ አልችልም።"

ጋሽ ሙጫ ደማቸው ፈላ። እኔም የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የምሸጥላቸው ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ብዬ ወንበር አቀረብኩ። ግን አልተቀመጡም። ቀድሞ ትዳር ሲበጠስ የሚቀጥል ሰው ይከበር እንደነበር፣ ዛሬ ግን የሚያፈርስ ቢሮ ተከፍቶ ደሞዝ እንደሚከፈለው ተናገሩ። ልጅ ያለ አባት፣ ሴት በኪራይ ክፍል፣ ይሄ ነው ወይ መፍትሔው አሉ። ቢሮው ከሥራ ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ፣ እሳቸው ግን በማንኛውም ሰዓት በራቸው ሲንኳኳ እንደሚከፍቱም አስታወሷት። እውነት ለመናገር ያሉት ሁሉ ከንቱ አልነበረም፤ እሷም ሳታቋርጥ ሰማቻቸው።

"የመጨረሻው እውነት ነው" አለች። "በሌሊት የሚንኳኳው የእርስዎ በር ነው፤ የእኔ አይደለም። ትዳር ታፈርሻለሽ ያሉኝን ግን አልቀበልም። እስከ ዛሬ አንዲትንም ሴት ባልሽን ትተሽ ውጪ ብያት አላውቅም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትያቸው?"

"እጠይቃቸዋለሁ። የምትፈሪው ምንድን ነው? የምትፈልጊውስ? እላለሁ። ከባሏ ጋር እየኖረች ገበያ ሄድኩ ብላ የምትመጣም አለችኝ። መኖር ከፈለገች መታወቂያዋንና የልጇን ልብስ የት እንደምታስቀምጥ፣ ሲከፋ የማንን በር እንደምታንኳኳ አብረን እናስባለን። መውጣት ከፈለገች ደግሞ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ አብሬያት እቆማለሁ። ሴት ይበልጥ የምትጎዳው ልትሄድ መሆኗን ሰውየው ባወቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ ውጪም ብዬ አላጣድፋት፣ ተመለሽም ብዬ አላጣድፋት።"

ጋሽ ሙጫ ይህን አልጠበቁም ነበር መሰለኝ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሽንፈት ግን አልነበረም። ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው ስልካቸውን አወጡ።

"እንግዲያው አላስቸግርሽም። አዲሱን ስልኳን ለእኔ ብቻ ሰጥታኛለች። ነይ ካልኳት ትመጣለች። አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም።"

አማካሪዋ ጃንጥላዋን አንስታ ልትወጣ ነበር፤ ይህን ስትሰማ መልሳ አስቀመጠችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ ማለት አትችልም፤ ትታ መሄድም አልቻለችም። እኔም ያኔ ነበር የነገሩ ክብደት የገባኝ፤ የአንዲት እናትና የአንድ ሕፃን ዕድል እነዚያ እንጨት ሲልጉ የኖሩ ጣቶች አንድ ቁልፍ በመጫናቸው ላይ ነበር።

ከጎናቸው ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። "ብትመጣ ምን ይሆናል ጋሼ? እንዴት እንደሚያስታርቁ ይንገሩኝ።"

ይህን ጥያቄ የሚጠላ አስታራቂ የለም። ጋሽ ሙጫ ሶፋውን፣ ንግግሩን፣ ቀልዱን፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ሻይ ሁሉ ዘረዘሩላት። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ እርቅ እንደማይሆን፣ ሐሜት የሚመጣው ለየብቻ ከማነጋገር እንደሆነ፣ በሁለቱም ፊት ያልተነገረ ነገር ለእሳቸው እንዳልተነገረ እንደሚቆጠር አስረዷት። ሁሉም በግልጽ፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው፤ ለዚህም ነው ያስታረቅኳቸው ተመልሰው የማይመጡብኝ አሉ።

"እኔ ዘንድ ከሚመጡት ብዙዎቹ እኮ አስቀድመው በሽማግሌ የታረቁ ናቸው" አለች ረጋ ብላ። "ለምን ወደ አስታራቂዎቻችሁ አልተመለሳችሁም ብዬ ስጠይቃቸው መልሳቸው ይመሳሰላል። 'እዚያ የተናገርኩት ቤቴ ስገባ ይጠብቀኛል' ይሉኛል። እርስዎ ንገሪኝ ይላሉ፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጧል። ተናግራም ብትወጣ የምትሄደው ከእሱ ጋር ነው።"

"የኔዎቹ እንደዚያ አይደሉም።"

"ሊሆን ይችላል። እንዴት አወቁ?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ የማያስፈልግ መደርደሪያ መወልወል ጀመርኩ።

"እኛ ለሴት ስንደውል" ብላ ቀጠለች፣ "መጀመሪያ የምንለው መነጋገር ይመችሻል ወይ ነው። ተሳስተዋል ብላ ከዘጋችው ሰው አጠገቧ አለ ማለት ነው፤ ዳግመኛ አንደውልም፣ እሷ እስክትደውል እንጠብቃለን። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጠን አንጠይቅም። የሰማነውንም ለእሱ አንነግርም። ሥራችን ብዙው ይኸው ነው ጋሼ፤ የምትናገርበት ቦታና የሚሰማት ሰው ማዘጋጀት።"

"እኔስ ታዲያ ምን ላድርግ? ልጄ ናት እኮ። ዝም ብዬ ልቀመጥ?"

"ይደውሉላት። እርስዎን የምታምነውን ያህል እኔን አታምነኝም ይሆናል። ግን ነይ አይበሏት። ይመቻት እንደሆነ ይጠይቋት፤ ቀጥለው ምን ላድርግልሽ ይበሏትና ዝም ብለው ይስሙ።"

"ነይ ብላት ትመጣለች አልኩሽ እኮ።"

"ትመጣለች። የፈራሁትም እሱን ነው።"

ጋሽ ሙጫ ስልካቸውን ይዘው ተነሡና ከባንኮኒው ኋላ ወዳለችው የዕቃ ክፍሌ እያመለከቱ አስፈቅደውኝ ገቡ። አማካሪዋ ወዲያው ጃንጥላዋን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ለምን በዝናብ ትቆሚያለሽ ብላት፣ የምትናገረው ሴት እኔ እንድሰማ አልፈቀደችልኝም አለች። እኔ ግን ሱቄን ጥዬ የት ልሂድ? የዕቃ ክፍሉ ግድግዳ ኮምፖርሳቶ ነው፤ የጋሽ ሙጫ ጆሮ ደግሞ ስለደከመ ስልካቸው ሁልጊዜ ይጮኻል።

"ሃሎ፣ ልጄ።"

ቀጭን ድምፅ መለሰላቸው። "አባባ፣ ብቻዎን ነዎት?"

ሰላምታ አልነበረም፤ ደህና ዋሉ አልነበረም። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

"ብቻዬን ነኝ። ዶክተሩ ብቻ ከወዲያ አለ።" ዶክተር የሚሉት እኔን ነው፤ አይደለሁም እያልኩ ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

"እሱ አጠገብዎ የለም?"

"የለም። ላነጋግርሽ ይመችሻል?"

"እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም" አለች። ድምፅዋ ተሰባብሯል።

"ምን ላድርግልሽ ልጄ?"

ተናገረች። ጋሽ ሙጫም በዕድሜያቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቋርጡ ሰሙ። ያለችውን የምጽፈው ኋላ ራሷ ፈቅዳልኝ ነው።

"ያን ጊዜ ታርቃችኋል ወይ ሲሉን እጁ ጀርባዬ ላይ ነበር። ከአንገቴ ሥር ቆዳዬን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። እርስዎ እጁን አዩና 'አያችሁ እንዴት እንደሚሳሳላት' አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስንገባ መልሱን ለምን አዘገየሽው ብሎ…" ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። "አባባ፣ ነይ ካሉኝ እመጣለሁ። እርስዎን እምቢ ማለት አልችልበትም። ስለዚህ አይበሉኝ።"

"አልልሽም" አሉ ጋሽ ሙጫ። "አልልሽም ልጄ።"

ሲወጡ የገቡትን ሰውዬ አይመስሉም ነበር። ደም ግፊታቸውን ልለካ መሣሪያውን ባመጣ በእጃቸው ገፉት። አማካሪዋ ከበረንዳው ተመልሳ ምን አለችዎት ብላ አልጠየቀቻቸውም። እሳቸው ናቸው የሰሙትን ሁሉ ያወሩላት።

"እጁን አይቼ ነበር" አሉ። "አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ለስንቱ ሰው አወራሁት።"

"የሚታየው እሱ ስለሆነ ነው። ከፊት ለተቀመጠ ሰው ሌላ ነገር አይታይም።"

"አታጽናኚኝ።"

"እሺ፣ አላጽናናዎትም። ግን አሁን ቤትዎ የተቀመጠ ሰው አለ። እሱን ነው ማሰብ ያለብን።"

ያን ጊዜ የሥራዋን ሌላ መልክ አየሁ፤ ሐዘን ላይ አልቆየችም። ሹፌሩን በቁጣ እንዳያነጋግሩት፣ ልጅቷ የነገረቻቸውን አንዲት ቃል እንኳ እንዳያነሡበት፣ ተደዋውለናል እንዳይሉት፣ ብቻቸውንም እንዳይገቡ ነገረቻቸው። ቆዳዋን እንዴት ትጨመድዳለህ ቢሉት ዕዳው የሚመጣው በእሷ ላይ ነው አለች። ጋሽ ሙጫ ልክ ሊሉት ያሰቡት ይህንኑ ስለነበር ደነገጡ። አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝና መድኃኒት ቤቱን ዘጋሁ።

ሹፌሩ ረጅሙ ሶፋ ላይ ነበር፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው። ስንገባ ብድግ አለና ከእኛ ኋላ ያለውን በር አየ። ማንም አልተከተለንም።

"አላመጣኋትም" አሉ ጋሽ ሙጫ። "አላመጣትምም። ከእንግዲህ እዚህ ሶፋ ላይ አንድ ላይ አላስቀምጣችሁም።"

"የት እንዳለች ያውቃሉ ማለት ነው?"

"አትጠይቀኝ። የምትለው ነገር ካለህ በፍርድ ቤት በል። እጅህን መግታት የሚያስተምርህ ሰው ከፈለግህ ደግሞ አሉ፤ እኔ ራሴ ይዤህ እሄዳለሁ።"

ሰውየው ለጥቂት ጊዜ ማልቀሱን ረሳ። "እርስዎ አይደሉ የዳሩልኝ? አባቷ ነኝ ይሉ አልነበር?"

"አባቷ ስለሆንኩ ነው።"

በሩን ሳይዘጋ ወጣ። የጋሽ ሙጫ ባለቤት ከወጥ ቤት በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ትንሽ፣ ዝምተኛ ሴትዮ ናቸው፤ እዚያ ቤት ስሄድ ሰላምታ ከመለዋወጥ ያለፈ አውርተን አናውቅም።

"ዛሬ ደግ ሠራህ" አሏቸው። "አንተ ሳሎን ስትመርቅ ሴቶቹ እኔ ጋ መጥተው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር።"

ጋሽ ሙጫ ዞር አሉ። "ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ? 'ልጆቹ ታረቁ አይደል?' ነበር የምትለኝ፤ እሱም እንግዶቹ ፊት።"

እኔም ሰዓቱ ደርሷል ብዬ ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ባልና ሚስት ለብቻቸው የሚነጋገሩት ነገር ነበራቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ለውጥ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ውስጥ ስላለ። ልብስ ሰፊዋ ፍርድ ቤት ባሏ እንዳይጠጋት ትእዛዝ ሰጥቶላት በኪራይ ክፍል ትኖራለች። ጠባብ ናት፣ ኪራዩም ይከብዳታል፤ ልጇ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር መግባቱን ትቷል። የስፌት መኪናዋን ከሹፌሩ ቤት ያወጡላት ጋሽ ሙጫ ናቸው፣ ከፖሊስ ጋር ሄደው። አማካሪዋ ብትሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ያጉረመርም ነበር፤ ጋሽ ሙጫን ያየ ግን መኪናውን ተሸክሞ አገዛቸው።

ማስታረቁንም አልተዉም። በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች ዛሬም እሳቸው ዘንድ ናቸው። ባልና ሚስት ሲመጡ ግን ሴቲቱን ባለቤታቸው ለብቻዋ ያነጋግሯታል፣ እሳቸው ወንዱን። ፍርሃት ያለበት ነገር ከሆነ እርቅ የሚባል ቃል አያነሡም፤ ወደ ፎቋ ቢሮ ይልኳታል። አማካሪዋ እንደምትለኝ፣ ቀድሞ ብዙ ሴቶች ደረጃው ሥር ደርሰው በእፍረት ይመለሱ ነበር፤ አሁን ጋሽ ሙጫ ልከውኝ ነው እያሉ ቀና ብለው ይወጣሉ። እሷ ብቻዋን የማትደርስበት ቤት ደረሰች፤ እሳቸውም ሳያዩት የኖሩትን አዩ። ዕውቀት ከሽማግሌ ክብር የሚቀንስ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የእሳቸውን በር ሄዳችሁ እዩት፤ ከቀድሞው ይበልጥ ይንኳኳል።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር፤ እነዚያ ተመልሰው ያልመጡት። መድኃኒታቸውን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር አንዱን ቤት ያነሡልኛል። በመጨረሻም አማካሪዋን አማከሯት፤ እሷም ባል በሌለበት ሰዓት፣ ሴቲቱ ከፈቀደች ብቻ፣ ምንም ነገር ሳይቀሰቅሱ እንዲሄዱ ነገረቻቸው።

ከሁሉም በፊት የሄዱት መጀመሪያ ካስታረቋቸው ጥንዶች ዘንድ ነው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል፣ የሴትዮዋ ፀጉር ሸብቷል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁልጊዜ በፈገግታ እጅ የምትነሣቸው ሴት ናት። በማግሥቱ መጥተው የሆነውን ነገሩኝ።

"በሩን ከፈተችልኝ፤ ብቻዋን ናት። ይመችሽ እንደሆነ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው አልኳት። ይመቸኛል አለች። ልጄ፣ ያን ጊዜ ታርቄያለሁ ያልሽኝ ከልብሽ ነበር ወይ አልኳት።"

"ምን አለች?" አልኩ።

"በሩን ዘጋችና ወንበር ሳበችልኝ። 'ይቀመጡ ጋሼ' አለችኝ፤ 'ረጅም ነው።'"